በዓልና ድክ ድክ የሚሉ ልጆች፦ ስለ ቁጥርና ስለ ጣት ሥራ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ በየበዓሉ ዋዜማ ቡና ላይ ስንሰባሰብ እናቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከነመልሱ እነሆ።

ስንት ዓመት ሲሞላቸው ነው የሚጀመረው?

መራመድ ከጀመሩ ይበቃል። እዚህ የማወራው ከ1 እስከ 3 ዓመት ስላሉት ነው። አብዛኛው ልጅ ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ትንሽ ነገር በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቆንጥሮ ማንሳት ይጀምራል። ምንጣፍ ላይ የወደቀች ፍርፋሪ ለቅሞ አፉ ሲከት አይታችሁ ጮኻችሁ ይሆናል። መጀመሪያዋ እሷ ናት።

በ1 ዓመት ተኩል ገደማ እርሳስ ይዞ ይሞነጫጭራል። ሁለት ሦስት ነገር ይደራርባል። ወደ 2 ዓመቱ አራትና ከዚያም በላይ ይደረድራል። ቁጥር ግን ከጣት ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ለ1 ዓመት ልጅ ቁጠሩለት እንጂ "ቁጠር" አትበሉት።

"የጣት ሥራ" የምትይው ምኑን ነው?

ጣትና ዓይን ተባብረው የሚሠሩትን ሁሉ። መቆንጠር፣ መላጥ፣ መቅደድ፣ መሰካት፣ ማድቦልቦል፣ መጠቅለል። ነገ እርሳስ የሚይዘውም፣ የሸሚዝ ቁልፍ የሚቆልፈውም ይኸው ጣት ነው። ጉርሻን አስቡት። የ3 ዓመት ልጅ እንጀራ ቆርሶ፣ ወጥ ጠቅልሎ፣ አያቱን ሲያጎርስ ግማሹ መንገድ ላይ ይፈሳል። የቀረችው ግማሽ ግን ትልቅ ሙያ ናት።

ምን ምን ልግዛ?

ምንም አትግዙ። በበዓል ሰሞን ቤቱ ራሱ ዕቃ ይሞላል። የእንቁላል ካርቶን፣ የፕላስቲክ ስኒ፣ ሰፌድ፣ ሎሚ፣ ጥጥ፣ ስንደዶ፣ የካልሲ ጥንድ፣ የፓስታ ማጥለያ። ማጥለያውን ገልብጣችሁ አስቀምጡና ቀዳዳዎቹ ላይ ስንደዶ እንዲሰካ ስጡት። የሾለውን ጫፍ ቀድማችሁ ቁረጡት፣ አጠገቡም ሁኑ። የኔዋ ልጅ በዚህ ብቻ ድፎ እስኪበስል ተቀምጣለች። በእሷ ዕድሜ ይሄ ተአምር ነው።

ሱቅ ያለው ባለቀለም መጫወቻ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ግን ልጅ የሚፈልገው እናንተ የያዛችሁትን ነው። መጫወቻውን ጥሎ ጭልፋውን ይቀማችኋል። እኔ የገባኝ ይሄ ነው፦ በበዓል ቀን ልጁን ከሥራው አርቃችሁ ጨዋታ አትፈልጉለት። ከሥራው ላይ የራሱን ድርሻ ስጡት። ቁጥሩም የጣት ሥራውም እዚያው ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

በፍጹም መስጠት የሌለብኝ የትኞቹን ነው?

እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው። ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ኦቾሎኒ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ዶቃ፣ የልብስ ቁልፍ፣ ሳንቲም። እነዚህ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ መቁጠሪያ አይሆኑም። ፈንዲሻና ኦቾሎኒ እስከ 4 ዓመቱ ለመብላትም ባይሰጡት ይሻላል። አንድ ቀላል መለኪያ አለ። ሶፍት ሲያልቅ መሃሉ ላይ የሚቀረውን የካርቶን ቱቦ ውሰዱ። በመሃሉ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል። ትልቅ ሎሚ አያልፍም፣ ትንሿ ግን ታልፋለች። የፈነዳ ፊኛም ቶሎ ይነሳ። ከሁሉም የምትከፋው መብራት ያለው መጫወቻና የሚዘፍን ካርድ ውስጥ ያለችው ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ ናት። ከተዋጠች በሁለት ሰዓት ውስጥ የምግብ ቧንቧን ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች። ከጠረጠራችሁ "ነገ እናያለን" የለም፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ነው።

አንድ የገና ዋዜማ ልጄ ጥሬ ሽምብራ አፍንጫዋ ውስጥ ከተተች። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። በወረንጦ ላወጣው ስል ጭራሽ ወደ ውስጥ ገፋሁት። ጥራጥሬ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል። ይሄን ያወቅሁት ያን ሌሊት ሐኪም ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። የበዓሉን ዶሮ ጎረቤቴ ሠራችልኝ። አፍንጫ ወይም ጆሮ ውስጥ ከገባ አትነካኩት፣ ባለሙያ ጋ ውሰዱት።

ጉሮሮው ከተዘጋስ? ማሳል ከቻለ ይሳል፣ አታቋርጡት። 1 ዓመት ያለፈው ልጅ ማሳልም ማልቀስም ካቃተው ወደ ፊት አጎንብሱትና በትከሻዎቹ መሃል ጀርባውን በመዳፋችሁ 5 ጊዜ ምቱት። ካልወጣ ከኋላ አቅፋችሁ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ጫኑት። እስኪወጣ እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ፣ ሰውም ጥሩ። የማይታይ ነገር በጣት አትፈልጉ። ቀጣዩ ክትባት ላይ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ "በተግባር አሳዩኝ" በሉ። ጽሑፍ እጅን አያስተምርም።

ለእንቁጣጣሽ ምን እናሠራቸው?

ከጳጉሜን ጀምሩ። ጳጉሜን 5 ቀን ናት፣ በአራት ዓመት አንዴ 6። በ2015 6 ነበረች፣ በ2019ም 6 ትሆናለች። እጅ ደግሞ 5 ጣት አለው። ለትንሽ ልጅ ከዚህ የተመቸ ወር ከየት ይመጣል? አምስት ወረቀት በዱቄት ማጣበቂያ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። በየጠዋቱ አንዱን ይላጥ። "ስንት ቀረን?" ብላችሁ የቀሩትን አብራችሁ በጣት ንኩ። የወረቀቱን ጫፍ ፈልጎ፣ ቆንጥሮ፣ መሳብ የጣት ሥራ ነው። ግድግዳው እየተራቆተ ሲሄድ ማየት ደግሞ የመቀነስ የመጀመሪያ ትምህርት ነው።

መስከረም 1 ማለዳ ቄጤማውን እሱ ይጎዝጉዝ። ምንም የሚበላሽ ነገር የለም፣ ቄጤማ የሚያምረው ሲበተን ነው። ቀጥሎ ባዶ ሃይላንድ አቅርቡለትና አደይ አበባ ይሰካ። የጠርሙሱ አፍ ጠባብ፣ ግንዱ ቀጭን ስለሆነ ሥራው ይከብዳል፣ ደግሞም ደስ ይላል። "ሦስት አበባ ለእማማ" ብላችሁ አቁሙት። የአበባ ሥዕል ይዘው ጎረቤት የሚዞሩት ትልልቆቹን አይቶ ካለቀሰ፣ ጣቱን ቀይ ሥር ጭማቂ ውስጥ ነክሮ ወረቀት ላይ ነጥብ ነጥብ ያድርግ። አምስት ነጥብ ክብ ሠርታ ከተቀመጠች አበባ ናት። እማማም አበባ ነው ካልናቸው ይመርቁታል።

ቡሔ፣ ሻደይና መስቀልስ?

ቡሔ፣ ነሐሴ 13፣ የሊጥ ቀን ነው። ሙልሙል ሲዘጋጅ የእንቁላል ያህል ቆርሳችሁ ስጡት። ያድቦልብል፣ ይጠፍጥፍ፣ በጣቱ ይውጋ። ጥሬውን ብቻ እንዳይበላ። ሆያ ሆዬ የሚሉት ልጆች በር ላይ ሲመጡ ደግሞ ሙልሙሉን የሚያድለው እሱ ይሁን። አንድ ልጅ፣ አንድ ሙልሙል። ቀላል ይመስላል እንጂ የቁጥር ሁሉ መሠረት ይሄ ነው፤ ሳይዘሉ፣ ሳይደግሙ፣ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ማድረስ። አንድ ካነሰ አንድ ልጅ ባዶ እጁን በር ላይ ቆሞ ይቀራል። ያን ስህተት ማንም ሳይነግረው ያየዋል።

ከነሐሴ 16 ጀምሮ የዋጉ ሻደይ፣ የላስታው አሸንድዬ፣ ወደ ቆቦ በኩል ደግሞ ሶለል አለ። ትንሿ ልጅ ገና ከቡድኑ ጋር አትዞርም። ግን የእህቷ ወገብ ላይ የሚታሰረውን ሣር አንድ አንድ እያለች ታቀብላለች።

ለመስቀል ጭቃ ያስፈልጋል። እፍኝ ጭቃ ጠፍጥፉና የእንጨት ስብርባሪ እንዲተክልበት ስጡት። መሃሉ ላይ አደይ አበባ ያቁም። ደመራ ሆነ። ትልቁ ደመራ ሲለኮስ ግን እጁን ያዙት፣ እሳት አጠገብ ጨዋታ የለም።

ለገናና ለጥምቀት?

ቤታችሁ ጥድ የምታቆሙ ከሆነ ጥጥ ስጡት። እየቀደደ ቅርንጫፉ ላይ ያስቀምጥ። ጥጥ መቅደድ ሁለቱንም እጅ ያሠራል፤ አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ይስባል። ጥጡ ከገበያ የመጣ ከሆነ ፍሬውን ቀድማችሁ አውጡ። የመብራቱን ገመድ ሥራ ለእናንተ አስቀሩት።

ላሊበላ ያሉ ወላጆች "ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን እናስቆጥር?" ይሉኛል። 11 ናቸው። ለ2 ዓመት ልጅ 11 ማለት "ብዙ" ማለት ነው። ይልቅ እጁን ይዛችሁ ደረጃ ስትወርዱ ቁጠሩለት። አንድ እርምጃ፣ አንድ ቁጥር። እግሩ ያስታውሰዋል።

ጥምቀት ሎሚ ነው። ትልልቅ ሎሚ ከሰፌድ ወደ ቅርጫት ያዛውር፣ እናንተ ቁጠሩ። መወርወሩን ራሱ ይጨምርበታል፣ አትጨነቁ።

ፋሲካ ላይ ምን ይሻላል?

እንቁላል! ለዶሮው የተቀቀለውን እንቁላል መላጥን የሚተካከል የጣት ሥራ እኔ አላየሁም። ቀዝቀዝ ሲል እናንተ ሰንጥቁለት፣ ቅርፊቱን እሱ ይላጥ። ጣቱ ጫፍ እየፈለገ፣ እየቆነጠረ ይሄዳል። ነጩ ላይ የጥፍር ምልክት ይቀራል። ወጥ ውስጥ ሲገባ ማን ያየዋል? ሲያልቅ "ለአባባ አንድ፣ ለእማማ አንድ፣ ለጋሼ አንድ" እያለ ድስቱ አጠገብ ሳይሆን ሳህን ላይ ይደርድር። የዶሮውን 12 ብልት ቆጠራ ግን ለሴት አያቱ ተዉላት፣ እዚያ ላይ ቀልድ አታውቅም።

ከዚያ በፊት በሆሳዕና ዘንባባ አለ። የዘንባባ ቀለበት ለመሥራት ጣቱ ገና ነው። ግን የሠራችሁለትን አምስት ቀለበት አምስቱ ጣቱ ላይ ማጥለቅ ይችላል። አንድ ጣት፣ አንድ ቀለበት። አውልቆ እንደገና ይጀምራል። እንደገና። እንደገና።

ለረመዳን፣ ለኢድ፣ ለአረፋና ለመውሊድስ?

አፍጥር ሲቀርብ የቴምሩን ሥራ ስጡት። ፍሬውን አውጥታችሁ ለሁለት ሰንጥቁት፣ ድቡልቡል ሆኖ እንዳይዋጥ። ከዚያ በየሰው ሳህን ያድርስ። ቴምር 1፣ 3 ወይም 5 አድርጎ መብላት የተለመደ ስለሆነ ልጁ በየማታው "ሦስት" የሚለውን ከነመልኩ ያየዋል። በአንድ ወር ውስጥ ያን ያህል ማታ የሚደጋገም ትምህርት የትም አይገኝም። ሳምቡሳውም ሦስት ጫፍ አለው። ሲበርድ ጫፎቹን በጣት እየነካችሁ ቁጠሩ።

የሂጅራው ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ኢድ አንዳንዴ ክረምት፣ አንዳንዴ በጋ ላይ ይውላል። በጋ ከሆነ ትሪ ላይ ደረቅ አሸዋ አፍስሱና ጨረቃ በጣቱ ይሣል። ክረምት ከሆነ ወረቀት መቅደድ ይሻላል። ለአረፋ ካርቶን ላይ በግ ሣሉለት፣ ጥጥ እየቆነጠረ ይለጥፍበት። አራት እግር እንዳለው አብራችሁ ንኩ። የተሣለውን በግ እውነተኛው ጋ ወስዶ ካላሳየሁ ይላል፣ ፍቀዱለት፣ ራቅ ብሎ።

መውሊድ ላይ ጨዋታው ጭብጨባ ነው። ወሎ የመንዙማ አገር ነው፣ ልጆቻችን እሱን እየሰሙ ነው ያደጉት። ከመንዙማው ጋር ማጨብጨብ፣ ድቤውን በመዳፍ መምታት፣ በልክ መቆም። ሦስት ጊዜ መትቶ ማቆም የቻለ ልጅ ሦስትን አውቋታል።

በዋዜማው ሥራ ላይ ሆኜ እንዴት አድርጌ ላጫውተው?

አታጫውቱት፣ አሠሩት። የታጠበ ካልሲ ጥንድ ጥንዱን ያገናኝ። የተቀቀለ ድንች ይላጥ። ጎመን በእጁ ይቅደድ። በዝቶ የሚሰማኝ ቅሬታ "ሥራዬን ያስረዝምብኛል" የሚል ነው። ልክ ነው፣ ያስረዝማል። ካላሠራችሁትም ቀሚሳችሁን ይዞ እያለቀሰ ያስረዝመዋል።

ቡናው ሲደርስ ደግሞ ረከቦት ላይ ስኒ መደርደር የእሱ ይሁን። የፕላስቲክ ስኒ ለእሱ ለብቻው ብትይዙለት ይሻላል። ስንት ሰው አለ? እያንዳንዱን እየጠቆመ ስኒ ያስቀምጥ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል ሦስት ጣት እያወጣችሁ አሳዩት። ቡናችን ራሱ እስከ ሦስት ይቆጥራል እኮ። ከሰሉና ጀበናው ግን እጁ ከማይደርስበት ይራቁ። የፈላ ቡና ጨዋታ አያውቅም።

ሁለት ደቂቃ ተቀምጦ ይነሳብኛል። ምን ላድርገው?

ምንም። በዚህ ዕድሜ ጥቂት ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው። ሲነሳ ይነሳ፣ ዕቃውን እዚያው ተዉት። ተመልሶ ይመጣል። ካልመጣም በዓሉ አይቀርም።

እስከ አስር ይቆጥራል፣ "ሦስት ስጠኝ" ስለው ግን እፍኝ ሙሉ ይሰጠኛል። ለምን?

ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ። እስከ አስር መጥራት ዜማ ነው። "አንድ ሁለት ሦስት" ለልጁ እንደ ግጥም አንድ ላይ የተሰፋ ድምፅ ነው። ቁጥር ማለት ግን ስንት እንደሆነ ማወቅ ነው። በመሃላቸው ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ አለ። ልጆች መጀመሪያ "አንድ"ን ብቻ ያውቃሉ። አንድ ስጠኝ ስትሉት አንድ ይሰጣል፣ ሌላው ሁሉ "ብዙ" ነው። ከወራት በኋላ ሁለት ይገባዋል። ከዚያ ሦስት። የመጨረሻው የጠራው ቁጥር የሁሉም ልክ መሆኑን አብዛኞቹ የሚረዱት ከ3 ዓመት ተኩል እስከ 4 ዓመት አካባቢ ነው።

ምልክቱን በቀላሉ ታዩታላችሁ። አራት እንቁላል ቆጥሮ ሲጨርስ "ስንት ናቸው?" በሉት። "አራት" አይልም። እንደገና "አንድ፣ ሁለት..." ብሎ ይጀምራል። ሞኝ ሆኖ አይደለም። ጥያቄያችሁ "ቁጠር" የሚል መስሎት ነው።

የሚረዳው ነገር ትንሽ ናት። ቆጥራችሁ ስትጨርሱ እጃችሁን በሁሉም ላይ አዙሩና ድምሩን ተናገሩ። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስት እንቁላል!" ደግሞ እስከ አስር አትሩጡ። እስከ ሦስት ባለው ላይ ብዙ ቆዩ። ሦስት ሎሚ፣ ሦስት ቴምር፣ ሦስት ስኒ። ዕቃው ይለዋወጣል፣ ሦስትነቱ አይለወጥም። እንግዳ ፊት "እስቲ እስከ ሃያ ቁጠርላቸው" ማለት ደግሞ ለእናንተ ኩራት ነው፣ ለእሱ ግን ምንም አይጨምርለትም። እኔም አድርጌዋለሁ፣ አልዋሽም።

ሁልጊዜ አምስትን ይዘላል። ላርመው?

አትቆጡት። እናንተ ትክክለኛውን ደግማችሁ ጥሩለትና እለፉ። ዕቃውን ሁለቴ ከነካ ወይም ከዘለለ፣ የተቆጠረውን ወደ ጎን አንቀሳቅሱ። የእንቁላል ካርቶን ለዚህ ይመቻል፣ አንድ ጉድጓድ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚይዘው።

ስልክ ላይ ያሉት የቁጥር ጨዋታዎች አይበቁም?

አይበቁም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለ1 ዓመት ልጅ ስክሪን አይመከርም፣ ከ2 ዓመት ጀምሮም በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ከሰዓቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ስልክ ላይ ጣቱ የሚያውቀው መጥረግና መንካት ብቻ ነው። ቅርፊት የለው፣ ክብደት የለው።

ልጄ ሁሉን ነገር በግራ እጁ ነው የሚያነሳው። ላስቀይረው?

የትኛው እጅ እንደሚያይል ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ ነው እየጠራ የሚመጣው። እስከዚያ ሲያቀያይር ብታዩ አይግረማችሁ። ዕቃውን ፊት ለፊቱ መሃል ላይ አስቀምጡና እጁ ራሱ ይምረጥ። ግራኝ ከሆነ ግራኝ ነው። እጁን ማሰር፣ መምታት፣ "ተው!" እያሉ መቀማት ጣቱን አያፈጥነውም፣ ያስፈራዋል።

ችግሩ ማዕድ ላይ ነው፣ አውቃለሁ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቤት በቀኝ ነው የሚበላው፣ ሰላምታም በቀኝ ነው። አያቶች ይህን እንዲተዉ መጠበቅ ከንቱ ልፋት ነው። እኛ ቤት እንዲህ ተስማምተናል፦ ለመጉረስና ለመጨበጥ በቀኝ እንዲለምድ በቀስታ ይነገረዋል። ሥዕሉ፣ ሊጡ፣ ስንደዶው የእጁ ምርጫ ነው።

በግዕዝ ቁጥር ይጀምር ወይስ በ1፣ 2፣ 3? አያቱ ደግሞ በኦሮምኛ ነው የሚቆጥሩት።

በሁለቱም አይጀምር። ለዚህ ዕድሜ ምልክት ገና ነው፣ ብዛቱ ይቅደም። ግድግዳ ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ፩ንም 1ንም አይቶ ከጠየቀ ንገሩት። ካልጠየቀ ተዉት።

ኦሮምኛውን ግን አትከልክሉ። ከሚሴና ባቲ አካባቢ፣ እዚሁ ደሴም፣ ሁለት ቋንቋ ያለው ቤት ብዙ ነው። አያቱ "ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ" ይበሉ፣ እናቱ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ትበል። ልጅ አይምታታበትም። አንዳንዴ "አንድ፣ ለማ፣ ሦስት" ይላል፣ ትስቃላችሁ፣ ያልፋል። ሦስት ቴምር በሁለቱም ቋንቋ ሦስት ነው።

እኛ ክርስቲያን ነን፣ ጎረቤቶቻችን ሙስሊም ናቸው። የእነሱን በዓል ጨዋታ ማሠራት ያስቸግራል?

ይሄን ጥያቄ የሚጠይቁኝ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። እዚህ ተወልዶ ያደገማ የጎረቤቱን በዓል ሳይቆጥር አያድግም። በአንድ ግቢ ገናም መውሊድም ይከበራል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥም ሁለቱ አሉ።

ሆኖም ወላጅን ሳትጠይቁ የጎረቤት ልጅ አታሠሩ። ሥጋው የየራሱ ነው፣ ይሄ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው። ስለዚህ ልጆቹ አንድ ላይ ሲሆኑ ከሥጋው ራቁ። ዳቦ፣ ቡና፣ ቴምር፣ ሎሚ፣ ቄጤማ፣ ጥጥ ለሁሉም ይሆናል። የጾም ቀን ከሆነ ደግሞ እንቁላሉን ለሌላ ቀን አቆዩት። ምልክት ያለበት ነገር፣ መስቀል ይሁን ጨረቃ፣ ቤተሰቡ ደስ ካለው ብቻ ይሁን።

መቼ ነው ሐኪም ማማከር ያለብኝ?

በ3 ዓመቱ አለመቁጠሩ ብቻውን አያስጨንቅ። ይልቅ እጁን ተመልከቱ። 1 ዓመት ሞልቶት ትንሽ ነገር ቆንጥሮ ለማንሳት ካልሞከረ፣ 1 ዓመት ተኩል ሳይሞላው አንዱን እጅ ብቻ እየተጠቀመ ሌላውን ከዘነጋው፣ በ2 ዓመቱ ሁለት ነገር መደራረብ ካቃተው፣ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ አሳዩት። ይችለው የነበረውን ነገር ካቆመ ደግሞ በየትኛውም ዕድሜ ቢሆን አትዘግዩ። ዓይኑና ጆሮውም ይታይ፣ አንዳንዴ ችግሩ ከጣቱ አይደለም። ቀበሌያችሁ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋ መጀመርም ይቻላል።

እናቴ "በእህል መጫወት ነውር ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው?

እውነቷን ነው። ኢንተርኔት ላይ ሩዝ በቀለም ነክረው ለልጅ መጫወቻ ሲያደርጉ፣ ዱቄት ሲበትኑ ታያላችሁ። ወሎ ውስጥ ያን ይዛችሁ አያት ፊት አትቅረቡ። የ66ን እና የ77ን ረሃብ ያዩ ሰዎች ዛሬም ከእኛ ጋር ማዕድ ላይ ይቀመጣሉ። አክስቴ መሬት የወደቀች የጤፍ እንጎቻ ፍርፋሪ አንስታ ስማ ነው የምታስቀምጠው። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም፣ መጠየቅም አያስፈልግም።

ለዚህ ነው ከመጀመሪያው ጀምሬ "ጨዋታ" ሳይሆን "ሥራ" የምለው። ሊጡ ተድቦልብሎ ይጋገራል። እንቁላሉ ተልጦ ወጥ ውስጥ ይገባል። ቴምሩ ተደርድሮ ይበላል። የሚጣል ነገር የለም። ለመበተን፣ ለመዛቅ፣ ለማፍሰስ አሸዋ አለ፣ ቄጤማ አለ፣ ጭቃ አለ። ባለፈው ልጄ እናቴ ጉልበት ላይ ተቀምጣ ሰፌድ ላይ ያለ ምስር አብራት ለቀመች፤ 3 ዓመት አልፏታል፣ እናቴም ዓይኗን ከእጇ አላነሳችም። ጠጠሮቹን ለብቻ አስቀምጠው ቆጠሩ። አራት ነበሩ። ልጄ አምስት ናቸው ብላ ድርቅ አለች፣ እናቴም እሺ አለቻት።